ከሰብዉፈር የሚሰማ ጉርምርምታና የድምፅ መዛባት፦ ዕቃ ከመቀየር በፊት ምንጩን የመለየት ቅደም ተከተል

አኅጽሮተ ጥናት

የራሱ አምፕሊፋየር ያለው ሰብዉፈር ሲያጉረመርም ወይም ድምፁ ሲዛባ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ሰብዉፈሩ ራሱ ነው። ይህ ጽሑፍ ጥርጣሬው ሁልጊዜ ትክክል እንዳልሆነ ያሳያል፤ የችግሩን ምንጭ ለመለየት የሚያስችሉ ቀላል ፍተሻዎችንም በቅደም ተከተል ያቀርባል። ጉርምርምታን ለማጥፋት ሲባል የመሬት መስመርን መቁረጥ ለሕይወት አደገኛ የሚሆንበትንም ምክንያት ያብራራል።

1. መግቢያ

ሰብዉፈር የተሠራው ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያላቸውን ድምፆች፣ በአብዛኛው ከ20 እስከ 120 ኸርዝ ያሉትን፣ ለማሰማት ነው። በኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን ድግግሞሹ 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ከኤሌክትሪክ መስመሩ ወደ ድምፅ መስመሩ ሾልኮ የሚገባ የ50 ኸርዝ ሞገድም ሆነ እጥፉ የሆነው የ100 ኸርዝ ሞገድ፣ ሰብዉፈሩ በሚገባ በሚያሰማው ክልል ውስጥ ይወድቃል። ትንንሾቹ ስፒከሮች ግን ይህን ድምፅ አጉልተው ማውጣት ስለማይችሉ ዝም ያሉ ይመስላሉ። በዚህም ምክንያት ችግሩ ከቴሌቪዥኑ፣ ከዲሽ ሪሲቨሩ ወይም ከሚያገናኛቸው ኬብል ቢመጣም ጥፋተኛ መስሎ የሚታየው ሰብዉፈሩ ነው። ጥገናው መጀመር ያለበትም ሞገዱ የገባበትን መንገድ ከመፈለግ ነው።

2. የመጀመሪያው ፍተሻ

ሰብዉፈሩ ከኤሌክትሪክ ጋር እንደተገናኘ፣ ቮልዩሙ ዝቅ ተደርጎ የድምፅ ኬብሉ ብቻ ከሰብዉፈሩ ይነቀላል። ከዚያም ቮልዩሙ ወደ ቀድሞው ቦታ ይመለሳል። ምልክት ሲቋረጥ በራሳቸው የሚጠፉ ሰብዉፈሮች ስላሉ፣ ማብሪያው ሁልጊዜ በሚሠራበት ቦታ ላይ መሆኑ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት፤ አለበለዚያ መሣሪያው ስለጠፋ ብቻ ዝም ማለቱ የተሳሳተ ድምዳሜ ላይ ያደርሳል።

ጉርምርምታው ከቀጠለ መንስኤው በአብዛኛው በመሣሪያው ውስጥ ነው። ከጠፋ ደግሞ የገባው በኬብሉ በኩል ነው። በሁለተኛው ሁኔታ ኬብሉን በሌላ ደህና ኬብል መተካት ይገባል፤ የውጭ ሽፋን ሽቦው የተበጠሰ ኬብል ብቻውን ከፍተኛ ጉርምርምታ ሊፈጥር ይችላልና።

3. ከውጭ የሚገባ ጉርምርምታ

ኬብሉ ደህና ከሆነ ቀዳሚው ተጠርጣሪ ቴክኒሻኖች ግራውንድ ሉፕ የሚሉት የመሬት መስመር ቀለበት ነው። ሁለት ዕቃዎች በተለያየ ቦታ ከመሬት ጋር ሲገናኙና በድምፅ ኬብል ደግሞ እርስ በርሳቸው ሲያያዙ ዝግ ዑደት ይፈጠራል። በሁለቱ የመሬት ነጥቦች መካከል ያለው ጥቂት የቮልቴጅ ልዩነት በኬብሉ የውጭ ሽፋን ሽቦ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት ያስኬዳል። ለምሳሌ የሽፋን ሽቦው ሬዚስታንስ 0.05 ኦም፣ የፍሰቱ መጠን 0.1 አምፔር ቢሆን 5 ሚሊቮልት ይፈጠራል። በቤት መሣሪያዎች የተለመደው የድምፅ ምልክት 316 ሚሊቮልት አካባቢ ስለሆነ ጣልቃ ገቡ ሞገድ ከምልክቱ የሚያንሰው በ36 ዴሲቤል ብቻ ነው። ይህም ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ በግልጽ ይሰማል።

በመኖሪያ ቤት አንዱ የተለመደ መንገድ የዲሽ ኬብል ነው። ከጣሪያ ብረት ጋር የተነካካ ዲሽ ሪሲቨሩን ከሌላ የመሬት ነጥብ ጋር ሊያገናኘው ይችላል። ሪሲቨሩ ጠፍቶ የዲሽ ኬብሉ ሲነቀልና መልሶ ሲበራ ጉርምርምታው ከሌለ መንገዱ ተገኝቷል ማለት ነው። መፍትሔው ሁሉንም ዕቃዎች ከአንድ ማከፋፈያ ማብራት፣ ይህ ካልበቃም በድምፅ ኬብሉ ላይ መለያያ ትራንስፎርመር መግጠም ነው። ርካሽ የድምፅ ትራንስፎርመሮች ግን ዝቅተኛውን ድግግሞሽ ስለሚያዳክሙና ስለሚያዛቡ ለሰብዉፈር ሲመረጡ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ፈጽሞ የማይገባው መፍትሔ የሶኬቱን የመሬት መስመር መቁረጥ ወይም በባለ ሁለት እግር ማገናኛ መዝለል ነው። ድርጊቱ ጉርምርምታውን ሊያጠፋ ስለሚችል የተሳካ ጥገና ይመስላል። ሆኖም የመሬት መስመሩ ሥራ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተላጦ የመሣሪያውን ብረት በሚነካበት ጊዜ ፊውዙ እንዲቃጠል ወይም ብሬከሩ እንዲወርድ ማድረግ ነው። መስመሩ ከተቆረጠ ብረቱ 220 ቮልት እንደተሸከመ ይቆያል፤ የሚነካው ሰውም የፍሰቱ መንገድ ይሆናል።

4. ከውስጥ የሚመነጭ ጉርምርምታ

የድምፅ ኬብሉ ተነቅሎም ጉርምርምታው ሲቀጥል በመጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደሚወጣ ይደመጣል። ስፒከሩ ጸጥ ብሎ የጀርባው ብረት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ምክንያቱ የላላ ትራንስፎርመር ሊሆን ይችላል። ድምፁ ከስፒከሩ የሚወጣ ከሆነ ግን ትኩረቱ ወደ ፓወር ሰፕላይ ካፓሲተሮች ይዞራል።

ትራንስፎርመርና ሬክቲፋየር ባለው ፓወር ሰፕላይ የሚቀረው የቮልቴጅ ሞገድ 100 ኸርዝ ነው። መጠኑም በግምት ፍሰቱ ለድግግሞሹና ለካፓሲተሩ መጠን ብዜት ሲካፈል ይገኛል። በ2 አምፔር ፍሰት 10,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር 2 ቮልት ገደማ ሞገድ ያስቀራል፤ አርጅቶ ወደ 2,500 ማይክሮፋራድ ከወረደ ሞገዱ 8 ቮልት ይደርሳል። የኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ዕድሜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር በግማሽ እንደሚያጥር በተለምዶ ይገመታል። በተዘጋ ሳጥን ውስጥ የሚሠራ አምፕሊፋየር ለዚህ የተጋለጠ ነው።

የድምፁን ድግግሞሽ በስልክ መተግበሪያ መለካት ይረዳል፤ ነገር ግን ግራውንድ ሉፕም የ100 ኸርዝ ሞገድ ሊያስከትል ስለሚችል ልኬቱ ደጋፊ ማስረጃ እንጂ ብቸኛ ማረጋገጫ አይሆንም። ሳጥኑን መክፈት የባለሙያ ሥራ ነው። በስዊችንግ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለው ካፓሲተር 311 ቮልት ገደማ ስለሚይዝ መሣሪያው ከተነቀለ በኋላም ሊጎዳ ይችላል።

5. የድምፅ መዛባት

መዛባቱ በከፍተኛ ድምፅ ብቻ የሚከሰት ከሆነ በቅድሚያ ከምንጩ የሚላከው የድምፅ መጠን ይቀነሳል። ድምፁ ከጠራ ችግሩ ከአቅም በላይ የሆነ ምልክት ነው። ያው ሙዚቃ በሌላ ስፒከር ሲደመጥም ከተዛባ ምንጩ መፈተሽ አለበት።

የመስመሩ ቮልቴጅም መለካት ይገባዋል። ቮልቴጅ በማያስተካክል ፓወር ሰፕላይ 220 ቮልቱ ወደ 180 ሲወርድ የአምፕሊፋየሩ ከፍተኛ ኃይል ወደ 67 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ቀን የጠራ ሰብዉፈር ቮልቴጅ በሚወርድበት ምሽት በዚያው ቮልዩም ሊዛባ ይችላል።

በዝቅተኛ ድምፅም የሚፋቅ ድምፅ ከተሰማ መሣሪያው ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ የስፒከሩ ኮን ከመሐሉ በእኩል ርቀት በተቀመጡ ጣቶች በዝግታ ይገፋል። የመፋቅ ስሜት ካለ ጥቅል ሽቦው ከቦታው ተዛንፏል ወይም ተቃጥሏል። ከአምፕሊፋየሩ ተለይቶ ሲለካ ባለ 4 ኦም ስፒከር ከ3 እስከ 3.5 ኦም አካባቢ ማሳየት ይጠበቅበታል። ኮኑን የሚይዘው ጠርዝ መቀደዱና የሳጥኑ ብሎኖች መላላታቸውም አብሮ ይታያል።

6. ማጠቃለያ

ከላይ የቀረቡት ፍተሻዎች አብዛኞቹ ምንም ዕቃ ሳይገዛ የሚከናወኑ ናቸው። ኬብል በመንቀል የሚጀምር ጥገና ደህናውን አምፕሊፋየር ከመፈታታት ያድናል፤ ምንጩ ሲታወቅም የመሬት መስመርን ለመቁረጥ ምክንያት አይኖርም። ጉርምርምታ የማዳመጥን ምቾት ይቀንሳል፤ የተቆረጠ የመሬት መስመር ግን ድምፅ ሳያሰማ ለአደጋ ያጋልጣል። ስለሆነም የጥገናው ስኬት መመዘን ያለበት በድምፁ መጥፋት ብቻ ሳይሆን የመሬት መስመሩ እንደነበረ በመቆየቱም ጭምር ነው።