ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ለመጾም ላሰባችሁ

በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ገቡ። ጾሞቹ እንዲህ ሲገጣጠሙ «እኔም እንደ ሙስሊም ጎረቤቶቼ ልጹምና የምሳዬን ብር ለተቸገረ ልስጥ» የምትሉ ክርስቲያኖች ትኖራላችሁ። ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ግን «ጾም ለምጃለሁ» ብላችሁ አትዘናጉ። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው እንኳ በረመዳን እስከ መግሪብ ውኃም አይቀምስም። እንደ ሮቢትና ቆቦ ባለ የራያ ቆላ፣ ፀሐይ ላይ ለሚሠራ ሰው፣ ያቺ ልዩነት ቀላል አይደለችም።

✔ ከመግሪብ እስከ ሱሁር ውኃ ከፋፍላችሁ ጠጡ።
✔ ራስ ካዞራችሁ ወይም ሽንታችሁ ጠቁሮ ከቀነሰ ጾሙን አፍርሱና ጠጡ።
✔ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡሮችና የኩላሊት ታማሚዎች ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ። ስኳራችሁ ከ70 በታች ከወረደ ወዲያው አፍርሱ።

መጾም ካልቻላችሁስ? በእስልምናም የማይድን ሕመም ኖሮበት መጾም ያልቻለ ሰው ስለ እያንዳንዱ ቀን አንድ ድሃ ያበላል፤ ፊድያ ይባላል። እናንተም ምሳችሁን ብሉና ብሩን ስጡ። የተራበው የሚጠግበው በምትሰጡት እንጂ በመታመማችሁ አይደለም።