የልጃችሁ ሐኪም ማን ይሆን? ከመውለዳችሁ በፊት ወስኑ



የመጀመሪያ ልጃችሁን በምትጠብቁበት ጊዜ ብዙ ነገር ታዘጋጃላችሁ። የገንፎው እህል ይፈጫል፣ ቅቤው ይነጠራል፣ የሕፃኑ ልብስ ታጥቦ ይቀመጣል፣ አራሷን የምትጠብቅ እናት ወይም እህት ትጠራለች። የት እንደምትወልዱም አስቀድማችሁ ትነጋገራላችሁ። ነገር ግን «ልጁ ከተወለደ በኋላ የሚያየው ማን ነው?» ብለን ስንጠይቅ መልስ ያላቸው ባልና ሚስት ጥቂቶች ናቸው። ብዙዎቹ «ሲታመም እንወስደዋለን» ይላሉ። ይህ መልስ ለምን እንደማይበቃና ከወዲሁ ምን ማድረግ እንደሚገባችሁ ከዚህ በታች እናያለን።

ለምን አስቀድሞ?

በተወለዱ በመጀመሪያው ወር ከሚሞቱት ሕፃናት ከአራቱ ሦስቱ ያህል የሚሞቱት በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ነው። ጨቅላ ሕፃን ሲታመም ሕመሙ እንደ ትልቅ ልጅ ጎልቶ አይታይም። አንዳንድ ጊዜ ምልክቱ ጡት መተውና መልፈስፈስ ብቻ ነው። ጠዋት ጡት እምቢ ያለ ሕፃን እስከ ማታ በጽኑ ሊታመም ይችላል።

ጊዜ የሚባክነው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው ቤት ውስጥ «እንውሰደው፣ ትንሽ እንጠብቅ» በሚል ክርክር ነው። ሁለተኛው መጓጓዣ ሲፈለግ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከተደረሰ በኋላ «እዚህ ጨቅላ አናክምም፣ ወደ ሌላ ቦታ ውሰዱት» ሲባል ነው። ሦስቱንም በእርግዝናው ወራት ተነጋግሮ መቀነስ ይቻላል።

ማንን መምረጥ?

የሕፃናት ሐኪም የሚባለው ጠቅላላ ሕክምና ተምሮ ከጨረሰ በኋላ በሕፃናት ሕክምና ተጨማሪ ሦስት ዓመት የሠለጠነ ባለሙያ ነው። እንዲህ ያለ ሐኪም በየከተማው እንደልብ አይገኝም። በመሆኑም አንድ ሰው ብቻ ከመፈለግ ይልቅ የሚከተሉትን ሦስት በሮች ለይታችሁ ዕወቁ።

ሀ. ለጤነኛው ሕፃን፦ በአቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ። ክትባትና የክብደት ክትትል የሚደረገው በዚያ ነው። በመንግሥት ጤና ተቋም መደበኛው ክትባት በነፃ ይሰጣል።

ለ. ለታመመው ሕፃን፦ የሕፃናት ሐኪም ያለበት ክሊኒክ ወይም ሆስፒታል። ከሌለ ሕፃናትን በማየት ልምድ ያለው ጠቅላላ ሐኪም ወይም ጤና መኮንን።

ሐ. ለሌሊት፦ ሃያ አራት ሰዓት የሚሠራና ጨቅላ ሕፃናትን አስተኝቶ የሚያክም ሆስፒታል።

ምን ትጠይቃላችሁ?

ከሰባተኛው ወር በኋላ አንድ ቀን መርጣችሁ ሁለታችሁም ሂዱ። ሚስት ከደከማት ባል ብቻውን ይሂድ፤ ይህ የሴት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሚከተሉትን ጠይቁ፦

1. ሐኪሙ የሚገኘው በየትኞቹ ቀናትና ሰዓታት ነው? እሱ በሌለበት ማን ይተካዋል?

2. ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ብንመጣ የሚቀበለን ተረኛ አለ? ከሌለ ወዴት ትልኩናላችሁ?

3. ካርድ ለማውጣትና ለምርመራ ስንት ይከፈላል? የጤና መድን ካላችሁ ተቋሙ ይቀበለው እንደሆነ ጨምራችሁ ጠይቁ።

4. አዲስ የተወለደ ሕፃን የሚከተበው በየትኛው ቀን ነው? የቢሲጂ ክትባት አንዱ ጠርሙስ ለብዙ ሕፃናት የሚሆን ሲሆን ከተከፈተና ከተበጠበጠ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም። ስለዚህ አንዳንድ ተቋማት የተወሰነ ቀን ይመድባሉ።

ዋጋ ከመጠየቅ ሌላ የሐኪሙንም ጠባይ አስተውሉ። ስትናገሩ ያዳምጣል? ያዘዘውን መድኃኒት ለምን እንዳዘዘ በሚገባችሁ ቋንቋ ያስረዳል? እናት ጡት እንድታጠባ ያበረታታል ወይስ ያለ በቂ ምክንያት የዱቄት ወተት ያዛል? ለሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውኃም አያስፈልገውም። የሥራ ፈቃዱ በግልጽ ተሰቅሎ እንደሆነም ተመልከቱ።

የእርግዝና ክትትል ካርዱን ይዛችሁ መሄድ አትርሱ። የእናትየዋ የደም ዓይነት እንዲሁም የኤችአይቪ፣ የቂጥኝና የጉበት ቫይረስ ምርመራ ውጤት ለሕፃኑ ሐኪም ያስፈልገዋል።

የአራስነት ወግና የቀጠሮ ቀን

እናትና ልጅ ቢያንስ ለሃያ አራት ሰዓት በወለዱበት ተቋም ቢቆዩ መልካም ነው። ከዚያ በኋላ ሕፃኑ በሦስተኛው ቀን፣ ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በስድስተኛው ሳምንት መታየት አለበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ ትንሽ ቢቀንስ አትደንግጡ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን ወደ ልደት ክብደቱ መመለስ ይኖርበታል። ካልተመለሰ ሐኪሙ ይየው።

ክትባት ሲወለድ ይጀመራል፤ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይቀጥላል። የኩፍኝ ክትባት በ9ኛው ወር ይሰጣል፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በ15ኛው ወር ሁለተኛ ዙር አለው።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰቦች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። «አራስ ከቤት አትወጣም» በሚል ክርስትናው እስኪደርስ ይጠበቃል። አስሉት፤ ስድስት ሳምንት አርባ ሁለት ቀን ነው፤ አሥር ሳምንት ደግሞ ሰባ ቀን። የሴት ልጅን ሰማንያ ቀን የሚጠብቅ ቤተሰብ ሁለት ቀጠሮ ያልፈዋል። የአርባና የሰማንያ ቀን ሥርዓት ወደ ቤተ ክርስቲያን መግባትን የሚመለከት እንጂ ጤና ጣቢያ መሄድን የሚከለክል አይደለም። አርባ ቀን በሚጠብቁ ሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድም ሕክምና አይከለከልም። ስለዚህ ሕፃኑን ማን አቅፎ፣ በምን መኪና እንደሚወስደው አሁን ተነጋገሩ።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱን ብታዩ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና ውሰዱት፦

– ጡት መተው ወይም በደንብ አለመጥባት፤
– ማንቀጥቀጥ፤
– ፈጣን ትንፋሽ (በደቂቃ ስድሳና ከዚያ በላይ) ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ መግባት፤
– ሰውነቱ መጋል ወይም መቀዝቀዝ፤
– ሲነካ እንኳ አለመንቀሳቀስ፤
– በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ቢጫ መሆን፣ ወይም በማንኛውም ቀን መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ መሆን፤
– የእትብቱ ዙሪያ መቅላት ወይም መግል መያዝ።

ለአያቶች አክብሮት ይገባቸዋል፤ ሕፃን በማቀፍና አራስ በመንከባከብ የሚተካቸው የለም። ሆኖም ለሕፃኑ ቅቤ ማዋጥ፣ እትብቱን ቅቤ መቀባት፣ እንጥል ማስቆረጥ ጉዳት አለው። እናታችሁን በክፉ ቀን ከመከራከር ይልቅ ዛሬ በፍቅር አስረዷቸው። ቢቻል ሐኪሙን ለማየት ስትሄዱ ይዛችኋቸው ሂዱ፤ ከባለሙያ አፍ ሲሰሙት ይቀበሉታል።

በመጨረሻም በአንድ ወረቀት ላይ እነዚህን ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉ፦ የጤና ጣቢያው የክትባት ቀን፣ የሐኪሙ ስምና ስልክ፣ የሌሊቱ ሆስፒታል፣ የባለ ታክሲው ወይም የባለ ባጃጁ ጎረቤት ስልክ። ጥቂት ገንዘብም ለይታችሁ አስቀምጡ። ባል ከቤት በማይኖርበት ሰዓት ሚስት ወይም ሌላ የቤተሰብ ሰው ፈቃድ ሳይጠብቅ ሕፃኑን እንዲወስድ ከአሁኑ ተስማሙ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። እናንተ ግን ገና ጊዜ አላችሁና ተረጋግታችሁ ታጠቁ።

በሰላም ተገላገሉ።