ሜሪላንድ ውስጥ የቤትዎ ግምት ሲበዛ፦ የይግባኝ አካሄድ ደረጃ በደረጃ

ሲልቨር ስፕሪንግም ይኑሩ ሃያትስቪል፣ የንብረት ግብርዎ የሚሰላው ለቤትዎ በተሰጠው ግምት ላይ ነው። ግምቱን የሚያወጣው ካውንቲው ሳይሆን ኤስዳት የሚባለው የስቴቱ የግምትና የግብር መሥሪያ ቤት ነው። እያንዳንዱ ቤት በ3 ዓመት አንዴ ይገመታል፤ ማስታወቂያው በዲሴምበር መጨረሻ አካባቢ በፖስታ ይላካል። ግምቱ በዛ ካሉ ይግባኝ ይበሉ። ክፍያ የለውም፤ ጠበቃ መያዝም ግዴታ አይደለም።

የሚያስፈልግዎ፦ የግምት ማስታወቂያው፣ የመለኪያ ሜትር፣ ካሜራ ያለው ስልክ፣ ኢንተርኔት፣ ወረቀቶቹን የሚይዙበት ፎልደር።

1. ቀኑን ይያዙ። ማስታወቂያው ላይ ከተጻፈው ቀን ጀምረው 45 ቀን ይቁጠሩ። የመጨረሻውን ቀን ካላንደር ላይ ምልክት ያድርጉበት። ጥንቃቄ፦ ደብዳቤው እጅዎ ከገባበት ቀን አይቁጠሩ።

2. የሚከራከሩበትን ቁጥር ይለዩ። ጭማሪው ለ3 ዓመት ተከፋፍሎ ነው የሚገባው። ለምሳሌ የቀድሞው ግምት 450,000 ዶላር፣ አዲሱ 540,000 ዶላር ቢሆን፣ ግብሩ በ480,000፣ በ510,000፣ ከዚያ በ540,000 ይሰላል። ይግባኙ በ540,000 ላይ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ቁጥር አይተው «ደህና ነው» ብለው አይለፉት።

3. የቤትዎን የግምት መዝገብ ይጠይቁ። በካውንቲዎ ወዳለው የኤስዳት ቢሮ ይደውሉ ወይም ይጻፉ።

4. መዝገቡን ከቤቱ ጋር ያመሳክሩ። የመታጠቢያ ቤቶቹን ቁጥር፣ ጋራዡን፣ ዴኩን አንድ በአንድ ይዩ። ቤዝመንቱ ሳያልቅ «ያለቀ» ተብሎ ተመዝግቦ እንደሆነ ያረጋግጡ። ስፋቱን በመለኪያ ሜትሩ ይለኩ። ጥንቃቄ፦ ገማቾች የሚይዙት የውጭውን ግድግዳ ልክ ስለሆነ እርስዎም ከውጭ ይለኩ።

5. የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶችን ይፈልጉ። በኤስዳት ድረ ገጽ የንብረት መፈለጊያ ላይ የሰፈርዎን ሽያጮች ይመልከቱ። በዓይነት፣ በስፋትና በዕድሜ ቤትዎን የሚመስሉ ከ3 እስከ 5 ቤቶች ይምረጡ። ግምቱ የጃንዋሪ 1 ዋጋ ስለሆነ ከዚያ ቀን በፊት የተሸጡትን ያስቀድሙ። ጥንቃቄ፦ ለዘመድ የተላለፈ ወይም ባንክ ወርሶ የሸጠው ቤት ጥሩ ማስረጃ አይሆንም። ለሽያጭ የተጠየቀ ዋጋም ሽያጭ አይደለም።

6. ጉድለቱን ፎቶ ያንሱ። የሚያፈስ ጣሪያ፣ የተሰነጠቀ መሠረት፣ ውኃ የሚገባበት ቤዝመንት ካለ ያሳዩ። ከኮንትራክተር የጥገና ዋጋ በጽሑፍ ይቀበሉ።

7. ሁሉንም በአንድ ገጽ ያጠቃልሉ። ከላይ «ትክክለኛው ግምት ይህን ያህል ነው» ብለው ቁጥርዎን ይጻፉ። ከሥር የቤቶቹን አድራሻ፣ ስፋት፣ የሽያጭ ቀንና ዋጋ በሰንጠረዥ ያስቀምጡ። መጨረሻ ላይ የመዝገቡን ስህተቶች ይዘርዝሩ።

8. ይግባኙን ያስገቡ። በስልክ፣ በቪዲዮ፣ በአካል ወይም በጽሑፍ ከሚለው አንዱን ይምረጡ። በእንግሊዝኛ ተናግረው ማስረዳት ከከበደዎ በጽሑፍ ያድርጉትና ማስረጃውን ያያይዙ። የላኩትን ሁሉ ኮፒ ያስቀሩ። ጥንቃቄ፦ ማስረጃ አልተሟላም ብለው 45 ቀኑን አያሳልፉ።

9. ገማቹን ያነጋግሩ። ከዋጋው አይውጡ። «ግብሩ ከብዶኛል»፣ «ገቢዬ ትንሽ ነው» ማለት ግምቱን አያስቀንስም፤ የገማቹ ሥልጣን ዋጋው ላይ ብቻ ነው። መጀመሪያ የመዝገቡን ስህተት፣ ቀጥለው ሽያጮቹን፣ ከዚያ ፎቶዎቹን ያቅርቡ።

10. ውሳኔውን ያንብቡ። ካልተስማሙ በ30 ቀን ውስጥ ለካውንቲዎ የንብረት ግብር ግምት ይግባኝ ቦርድ ያቅርቡ። ከቦርዱ በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ለሜሪላንድ የታክስ ፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላሉ።

11. እስከዚያው ግብርዎን ይክፈሉ። ይግባኝ ክፍያን አያስቆምም፤ ካዘገዩ ወለድና ቅጣት ይመጣል። ሲረቱ በትርፍ የከፈሉት ይመለስልዎታል።

12. የሆምስቴድ ቅናሽ እንዳለዎት ያረጋግጡ። ይህ ከይግባኙ የተለየ መብት ነው፤ ግብር የሚሰላበት ግምት በዓመት ከተወሰነ መጠን በላይ እንዳይጨምር ያግዳል። የስቴቱ ጣሪያ 10 በመቶ ነው፤ ካውንቲዎች ከዚያ ዝቅ ማድረግ ይችላሉ። የሚኖሩበት ቤት ከሆነ አንዴ ያመልክቱ፤ በየዓመቱ ማደስ አያስፈልግም።

ቀኑ ካለፈብዎ፦ በሚቀጥለው ዓመት ከጃንዋሪ 1 ቀጥሎ እስካለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ድረስ እንዲደርስ አድርገው ግምቱ እንደገና እንዲታይ በጽሑፍ ይጠይቁ። ያዘጋጁት ፎልደር ለዚያም ይሆናል፤ የሽያጮቹን ዝርዝር ብቻ ያድሱ።