ቃሬዛው አስቀድሞ ይዘጋጅ

እመቤታችን ወደ ተራራማው አገር ወጥታ በኤልሳቤጥ ዘንድ ሦስት ወር ያህል ተቀምጣለች (ሉቃ. 1፥39-56)። ከሊማሊሞ ግርጌ ባለችው ድብ ባሕር፣ ከመኪና መንገዱ ርቀው በሚገኙ ጎጦች፣ ምጥ የያዛት እናት ዛሬም በቃሬዛ ትጓዛለች። እኛ አገልጋዮች ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ለማጥመቅ እንጠብቃለን፤ ስለ እናቲቱ ግን አንዳንዴ የምንሰማው ለፍትሐት ስንጠራ ነው።

በጤና ጣቢያ ወራቸው የገባ እናቶች የሚሰነብቱበት ማቆያ ቢኖርም፣ ልጆቿንና ከብቷን የሚይዝላት ያጣች ሴት አትሄድም። ወሯ መግባቱን የንስሐ አባቷ አስቀድሞ ያውቃል። እንግዲህ ጉዳዩ በሰንበቴው ይነሣ፤ እንጀራ የምትጋግርላት፣ ከብት የሚያግድላት፣ ቃሬዛ የሚሸከሙ ጎልማሶችም ይመደቡ። ቃሬዛው በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ይቀመጥ፤ በምጥ ሌሊት እንጨት ፍለጋ አይኬድም።