ቤቱን በልጃችሁ ስም ከማዞራችሁ በፊት

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ የመጀመሪያ ቤታችሁን አከራይታችሁ ሰፋ ወዳለው የተዛወራችሁ ሁሉ ጥያቄያችሁ አንድ ነው፦ «ልሽጠው ወይስ ላቆየው?» ለቅሶ ቤት እንኳ ጥግ ይዛችሁ ትጠይቁኛላችሁ። አንዴ ልጻፈውና ሁላችንም እንረፍ።

ቀላሉን ቶሎ ልበለው። ከሽያጩ በፊት ባሉት 5 ዓመታት ውስጥ በድምሩ 2 ዓመት ከኖራችሁበት፣ ላላገባ እስከ 250,000፣ ለባልና ሚስት እስከ 500,000 ዶላር ትርፍ ከፌዴራል ግብር ነፃ ይሆናል። ለቃችሁ ከወጣችሁ 3 ዓመት ካለፈ ግን «መኖሪያዬ እኮ ነበር» አይሠራም። ሸጦ ሌላ የሚከራይ ቤት በመግዛት ግብሩን ማዘግየት ይቻላል፤ ገንዘቡ እጃችሁ ሳይገባ፣ በ45 ቀን የምትገዙትን አሳውቃችሁ፣ በ180 ቀን ጨርሳችሁ። «የሲልቨር ስፕሪንጉን ሸጬ ቦሌ ብገዛስ?» አይሆንም። ሕጉ የአሜሪካን ቤት በውጭ አገር ቤት አይለውጥም።

ሰው የሚቃጠለው እዚህ ነው፦ «ግብሩ ብዙ ነው፤ በልጄ ስም ላድርገውና ልገላገል።» ይህን የሚመክራችሁ ማኅበር ላይ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ነው። ወረቀቱን ስንቴ አይቼዋለሁ፦ የኖተሪ ማኅተም፣ ዋጋው ቦታ ላይ «10 ዶላር»፣ ከሥር የልጅየው ስም፤ አባት ደግሞ ፊታቸው በርቶ።

ቁጥሩን እንየው። ቤቱን በ180,000 ዶላር ገዛችሁ እንበል፤ መሬቱ 30,000፣ ሕንፃው 150,000። ሕጉ የሚከራይ ሕንፃ በ27.5 ዓመት ያረጃል ብሎ በየዓመቱ 5,450 ዶላር ገደማ ከኪራይ ገቢያችሁ ይቀንስላችኋል። ስኬጁል ኢ፣ መስመር 18 ላይ ያለው ዲፕሪሲዬሽን ይህ ነው። በ20 ዓመት 109,000 ይደርሳል። ሳትጠቀሙበት ብትቀሩም ሲሸጥ እንደተጠቀማችሁ ይቆጠራል! ስለዚህ የቤቱ መነሻ ዋጋ አሁን 71,000 ነው። በ480,000 ቢሸጥ ትርፉ 409,000፤ በ109,000ው ላይ እስከ 25 በመቶ፣ በቀሪው ላይ ለብዙዎቻችሁ 15 በመቶ። ወደ 72,000 ዶላር ነው፣ የስቴቱና ሌላው ሳይጨመር።

በስጦታ ስትሰጡት ልጃችሁ ያንን 71,000ም አብሮ ይረከባል፤ የሸጠ ቀን ግብሩ እሱ ላይ ነው። ከሞታችሁ በኋላ ቢወርሰው ግን መነሻው በሞታችሁ ቀን ያለው የገበያ ዋጋ ይሆናል፤ ወዲያው በዚያው ዋጋ ቢሸጥ የሚከፍለው የለም ማለት ይቻላል። ደግሞ ስሙ ላይ ካለ፣ ቢፋታ ወይም መኪና ገጭቶ ቢከሰስ ቤታችሁ ጣጣው ውስጥ ገባ። እናንተ ግን ሞትን መጥራት ሟርት ይመስላችሁና ኑዛዜ አትጽፉም፤ «በቁሜ ሰጠሁ» መባሉ ደስ ይላችኋል።

ቨርጂኒያና ዲሲ ውስጥ ስትሞቱ ብቻ ቤቱን የሚያስተላልፍ ዲድ አለ፤ የትም ብትሆኑ ትረስት ማቋቋም ይቻላል። ጠበቃው የሚያስከፍላችሁ ለአንድ ሠርግ ከምታወጡት በጣም ያንሳል።

መሸጡን ከመረጣችሁ፣ የግብሩ ገንዘብ ለብቻው ሳይቀመጥ አዲስ አበባ ላለው ወንድም ዋጋውን አትንገሩ። 480,000 ሲሰማ 72,000ውን የሚቀንስላችሁ ዘመድ የለም። ሲፒኤ ጋ ስትሄዱም የግዢውን ሰነድ፣ የየዓመቱን የታክስ ወረቀትና ጣሪያና ኩሽና ያሳደሳችሁበትን ደረሰኝ ያዙ፤ ደረሰኙ መነሻ ዋጋውን ከፍ ያደርግላችኋል።