የመኪናውን ድምፅ ማድመጥ፦ በአሮጌ ላንድክሩዘር ላይ የመሪና የፊት እግር ጉድለትን ለይቶ ስለ ማወቅ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከሚሆነው ቆላ ተነሥቶ፣ በደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት በኩል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ወደ ሐረማያ ደጋ ያወጣል። በዚህ መንገድ ሲወጡ የሚፈተነው ሞተር ነው፤ ሲወርዱ ግን የሚፈተኑት ፍሬንና መሪ ናቸው። ሞተር ቢደክም መኪናው ይቆማል፤ ተሳፋሪውም ወርዶ ጥላ ይፈልጋል። መሪ ቢከዳ ግን ለመቆም ጊዜ የለም።

በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን ስለ መኪና ለመጻፍ የተነሣነው ከደረሰብን ነገር የተነሣ ነው። ለመስክ ሥራ የምንገለገልበት አሮጌ ላንድክሩዘር ከፊት እግሩ «ቋ» የሚል ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ሾፌራችን ነገሩን በጉዞ መዝገቡ ላይ ሦስት ጊዜ ጽፈውታል። የመጀመሪያውን አንብበን አለፍነው። በሁለተኛው መኪናውን ወደ አንድ ጋራዥ ላክነው፤ የፊት አሞርዛተሮች ተለወጡ፣ ድምፁ ግን አልጠፋም። በሦስተኛው የመሪ ዘንግ ጫፎች ተለወጡ፤ ድምፁ አሁንም ነበረ። ለውኃ ጉድጓድ ጥገና ሊውል ከሚችለው በጀት ላይ ሁለት ጊዜ የመለዋወጫ ዋጋ ከፍለን ችግሩን ባለበት ትተነው ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት ገዛን።

ስለሆነም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሥራ ባልደረቦቻችንን መካኒክ ማድረግ አይደለም። መኪና የሚያዝዝ፣ የጥገና ወጪ የሚፈቅድና በመኪናው የሚሳፈር ሁሉ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት እንዲያውቅ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ፦ የፊት እግሩ አሠራር

ላንድክሩዘር 70 የሚባለው ተከታታይ ሞዴል ለገበያ የቀረበው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። ለከባድ ሥራ የተሠሩት ዓይነቶቹ እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ድረስ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ ላይ የተቀመጡ ነበሩ። በዚያ ዓመት በተደረገው ማሻሻያ የፊቱ ባሌስትራ በጥቅልል ሞላ ተተካ፤ ጎማውን የሚይዙት ብሎኖችም ከ6 ወደ 5 ወረዱ። ስለዚህ የምንመረምረው መኪና የትኛው እንደሆነ በቅድሚያ ማወቅ ያስፈልጋል። ባሌስትራ የሌለውን መኪና የባሌስትራ ቦኮላ ተበላ ብሎ ማስፈተሽ ከንቱ ድካም ነውና።

ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቦኮላ የሚሉት የጋራዥ ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ትርጉማቸውን ማወቅ ሥራቸውን ለማስታወስ ይረዳል። ባሌስትራ በመጀመሪያ ትርጉሙ የቀስት ዓይነት የጦር መሣሪያ ነው፤ ብረቱ እንደ ቀስት እየተለጠጠና እየተመለሰ ክብደትን ይሸከማል። ኩሽኔታ «ትንሽ ትራስ» ከሚል ቃል የተገኘ ነው፤ የሚሽከረከረው ብረት ያለ መፋተግ እንዲያርፍበት የተሠራ ነው። ቦኮላ ደግሞ በባሌስትራው ዓይን ውስጥ ገብቶ ብረት ከብረት እንዳይገናኝ የሚከለክል ነው።

በእነዚህ መኪኖች የግራውና የቀኙ የፊት ጎማ በአንድ ወጥ አክስል ተያይዘዋል። በአክስሉ ጫፍ ጎማው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞርበት ክፍል አለ፤ በዚህ ጽሑፍ «ጉልበት» እንለዋለን። ጉልበቱ ከላይና ከታች በሁለት ኩሽኔታዎች ላይ ይዞራል። ከጉልበቱ ጋር በ4 ብሎንና ዳዶ የታሰረ ክንድ አለ፤ የመሪው ዘንግ የሚጎትተውና የሚገፋው ይህን ክንድ ነው። ሾፌሩ መሪውን ሲያዞር ኃይሉ ከመሪ ሳጥን ወደ ዘንግ፣ ከዘንግ ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ጎማ ይተላለፋል። ከእነዚህ መጋጠሚያዎች አንዱ ቢላላ «ቋ» ይላል።

ድምፁን በጥያቄ መለየት

ሐኪም ሕመምተኛውን ከመንካቱ በፊት ይጠይቃል። ከሾፌሩም የሚጠየቀው «ምን ይላል?» ብቻ ሳይሆን «መቼ ይላል?» የሚለው ጭምር ነው።

1. መኪናው ቆሞ መሪው ሲዞር «ቋ» ካለ፣ ጥርጣሬው በመሪ ዘንግ ጫፎች፣ መሪ ሳጥኑን ከሻንሲው ጋር በሚያስሩት ብሎኖች ወይም በጉልበቱ ክንድ ላይ ያርፋል።

2. መሪው ቀጥ ብሎ ጉድጓድ ሲመታ ብቻ የሚሰማ ከሆነ፣ የባሌስትራ ቦኮላ፣ የአሞርዛተር መያዣ፣ ወይም ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የፈረስ ጫማ ቅርጽ ያላቸው ብሎኖች ይጠረጠራሉ።

3. ከፍጥነት ጋር እያደገ የሚሄድ ጉምጉምታ የጎማ ኩሽኔታ ምልክት ነው። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ግራ ጎማ ይሄዳል፤ ድምፁ በዚያን ጊዜ ከበረታ የግራው ኩሽኔታ በቅድሚያ ይታይ።

4. የፊት ጎማዎች ኃይል እንዲያገኙ ተደርጎ በጠባብ ቦታ ሲዞር «ቀጭ ቀጭ» ካለ፣ በጉልበቱ ውስጥ ያለው የኃይል ማስተላለፊያ መጋጠሚያ ተበልቷል። ይህ ግን በአሸዋ ወይም በለስላሳ አፈር ላይ እንጂ በአስፋልት ላይ አይሞከር፤ በአስፋልት ላይ ጤነኛውም መኪና ይጨነቃልና።

5. መሪው ሲዞር ፉጨት ወይም ጩኸት ከተሰማ፣ የመሪ ዘይት ማነስ ወይም የቺንጋ መላላት ይሆናል። መሪው እስከ መጨረሻው ዞሮ ሲያበቃ የሚሰማ ጥቂት ጩኸት ግን ሁልጊዜ ጉድለት አይደለም።

6. «ሲጥ ሲጥ» የሚል ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የደረቀ ቦኮላ ወይም የባሌስትራ ንጣፎች መፋተግ ነው፤ ከሁሉ ቀላሉም እርሱ ነው።

ከእነዚህ ጋር አብሮ የሚጠየቅ ሌላ ምልክት አለ። መኪናው በመካከለኛ ፍጥነት ሲሄድ ጉድጓድ መትቶ መሪው በኃይል የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የጉልበቱ ኩሽኔታዎች፣ የዘንግ ጫፎችና የጎማ ባላንስ ሁሉም መታየት አለባቸው። የመሪ አሞርዛተር ብቻውን ቢለወጥ መንቀጥቀጡ ለጊዜው ሊታገሥ ይችላል፤ ይህ ግን ጉድለቱን መሸፈን እንጂ ማዳን አይደለም።

ፍተሻው በቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ማጠብና ማየት። ጭቃና ግሪስ የለበሰ እግር ምሥጢሩን አይገልጥም። ከታጠበ በኋላ ሁለት ምልክቶች ይፈለጋሉ። አንደኛው በመፋተግ ብዛት እንደ መስታወት ያበራ ብረት ነው፤ ሁለተኛው በዳዶ ዙሪያ የተከማቸ ቀይ ዱቄት ነው። ጥብቅ መሆን የሚገባቸው ሁለት ብረቶች በጥቂቱ ሲነቃነቁ የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ ዝጎ ይቀላል። ቀይ ዱቄት ያለበት ዳዶ ተላልቷል ተብሎ ይጠርጠር።

ሁለተኛ፣ የሁለት ሰው ፍተሻ። መኪናው በአራቱም ጎማው መሬት ላይ ይቁም። አንዱ መሪውን ግራና ቀኝ በጥቂቱ ያወዛውዝ፤ ሌላው ከሥር ሆኖ ከመሪ ሳጥኑ ጀምሮ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በዓይኑና በእጁ ይከተል። አንደኛው ብረት ተንቀሳቅሶ ቀጣዩ ዘግይቶ ከተከተለው፣ ክፍተቱ በመካከላቸው ነው። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ይህን ፍተሻ ማድረግ ያታልላል፤ ክብደት የሌለበት ጎማ ያለ ተቃውሞ ስለሚዞር ክፍተቱ አይታይም።

ሦስተኛ፣ ጎማውን ማንሣት። የኋላ ጎማዎች በታኮ ወይም በድንጋይ ይያዙ፤ አክስሉ በክሪክ ተነሥቶ በብረት መደገፊያ ላይ ይረፍ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ከዚያም ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይነቅነቅ። ከተነቃነቀ ረዳቱ ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ ንቅናቄው ከጠፋ ጉድለቱ የጎማ ኩሽኔታ ነው። ፍሬን ተረግጦም ከቀጠለ ጉድለቱ የጉልበቱ ኩሽኔታ ነው፤ ፍሬኑ ጎማውን ከጉልበቱ ጋር አንድ ያደርገዋልና። ጎማው በግራና በቀኝ ሲያዝ ብቻ የሚነቃነቅ ከሆነ ግን ወደ መሪ ዘንጎችና ወደ ክንዱ እንመለሳለን።

አራተኛ፣ ባሌስትራና አሞርዛተር። በረጅም የብረት ዘንግ የባሌስትራው ዓይን በቀስታ ይነቅነቅ፤ ቦኮላው ከተበላ ብረቱ ከመሐል ወጥቶ ይታያል። የአሞርዛተሩ ላስቲኮችም በዚሁ ጊዜ ይታያሉ።

አምስተኛ፣ የሙቀት ፍተሻ። ከአጭር ጉዞ በኋላ የሁለቱ የፊት ጎማዎች መሐል በጥንቃቄ በእጅ ጀርባ ይነካ። አንዱ ከሌላው ይልቅ በጣም ከሞቀ ኩሽኔታው ተጨንቋል ወይም ፍሬኑ አልለቀቀም።

በቀፊራ የታየው

መኪናችንን በመጨረሻ ያየው ቀፊራ ገበያ አጠገብ ባለ ትንሽ ጋራዥ የሚሠሩ አንድ አረጋዊ መካኒክ ነበሩ። ድሬዳዋ በ1902 እ.ኤ.አ. ከደረሰው የምድር ባቡር ጋር የተቆረቆረች፣ የባቡሩም ዋና የጥገና ሥፍራ የነበረች ከተማ ናት፤ ብረት የሚያውቅ ሽማግሌ አይታጣባትም። እኚህ አባት መኪናውን ሳይነኩ ሾፌራችንን ጠየቁ። ሾፌራችንም ድምፁ ከቀኝ እንደሚመጣ፣ መኪናው ቆሞም መሪው ሲዞር እንደሚሰማ፣ የደቻቱን አሸዋ ከተሻገሩ በኋላም እንደባሰ ተናገሩ። ይህ ሁሉ በጉዞ መዝገቡ ላይ ተጽፎ ነበር።

መካኒኩ እግሩን በጋዝና በብሩሽ አጠቡ። በቀኙ ጉልበት ክንድ ላይ ካሉት 4 ዳዶዎች በሁለቱ ዙሪያ ቀይ ዱቄት ታየ። አንዱን በጣታቸው አዞሩት፤ ዞረ። ከዚያም በድሬ ልማድ «አንተ» እያሉ፣ «ዲያቆን፣ አንተ በዚህ ነው ደንገጎን የወረድከው?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ባለፈው ሳምንት በዚያ መንገድ ስንወርድ ከኋላ ወንበር አምስት ሰዎች ነበሩ።

ሁለቱ ዳዶዎች ሲላሉ ሸክሙ ሁሉ በቀሩት ሁለት ብሎኖች ላይ ይወድቃል። እነርሱም እየተጎተቱና እየተገፉ ይደክማሉ፤ በመጨረሻም ሊቆረጡ ይችላሉ። ክንዱ ከተላቀቀ መሪው በሾፌሩ እጅ እያለ ጎማው ወደ ፈለገበት ይሄዳል። የዚህ ዓይነት መላላት በእነዚህ ላንድክሩዘሮች የታወቀ ነው፤ ጥገናውም ውድ አይደለም። የላሉትን ብቻ ማጥበቅ ግን አይበቃም። የተጎተቱት ብሎኖች ተለውጠው፣ ማረፊያው ከግሪስና ከዝገት ጸድቶ፣ ዳዶዎቹ በመለኪያ ቁልፍ መጽሐፉ በሚያዝዘው መጠን ይጠብቃሉ። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ እንደገና ይፈተሻሉ። ለእኛም እንዲሁ ተደረገ፤ ድምፁም ጠፋ። የከፈልነው ቀድሞ ለአሞርዛተር ከከፈልነው እጅግ ያነሰ ነበር።

ከዚህ የተማርነው

ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገሮችን ሥርዓት አድርገናል። አንደኛ፣ ሾፌር በመዝገብ የጻፈው የድምፅ ቅሬታ መልስ ሳይጻፍበት ሌላ ጉዞ አይፈቀድም። ሁለተኛ፣ የመለዋወጫ ግዥ ጥያቄ ሲቀርብ «የትኛው ፍተሻ ይህን አሳየ?» ተብሎ ይጠየቃል። ሦስተኛ፣ መኪናው ውኃ ወይም ጥልቅ አሸዋ በተሻገረ ቁጥር እግሩ ታጥቦ ይታያል፤ ግሪስ በሚያስፈልገውም ቦታ ይታደሳል።

ሾፌራችንን ይቅርታ ጠይቀናል። እርሳቸውም «እኔ የጻፍኩት እንዲነበብ ነው» ብለው በአጭሩ መለሱልን። ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ ይልቅ ይህ ቃል ቢታወስ እንወዳለን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤታችሁ ያለው መኪና ከፊት ባሌስትራ ነው ወይስ ጥቅልል ሞላ? የጎማው ብሎኖችስ ስንት ናቸው?

2. ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቃነቅ ፍሬን የሚረገጠው ለምንድን ነው?

3. የመኪናችሁን የጉዞ መዝገብ ያለፉትን ሦስት ወራት ገጾች አንብቡ። መልስ ያላገኘ ቃል አለን?