የኢሜይል ፕሮግራም ከሰርቨሩ ጋራ መገናኘት ሲያቅተው በየጽሕፈት ቤቱ ሊደረግ የሚገባው ምርመራ

በ2012 ዓመተ ምሕረት የበረሃ አንበጣ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በሰብልና በግጦሽ ላይ ብርቱ ጥፋት ማድረሱ የታወቀ ነው። የአንበጣ መንጋ ነፋስ ሲረዳው በአንድ ቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥም እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊገኝ ይችላል። እንግዲህ የመንጋውን መታየት የሚያስታውቅ የወረዳ ደብዳቤ ኹለት ቀን በኮምፒዩተር ውስጥ ታስሮ ቢቀር፥ ደብዳቤው ሲደርስ መንጋው ከተጻፈው ስፍራ እጅግ ርቆ ሄዷል። ስለዚህ የኢሜይል መቋረጥ የጸሓፊ ችግር ብቻ ሳይኾን የእርሻ ጕዳይ ነውና፥ የጽሕፈት ቤት ሹም ኹሉ የምርመራውን ሥርዓት ማወቅ ይገባዋል።

እንደ አውትሉክና እንደ ተንደርበርድ ያለው ፕሮግራም ራሱ ፖስታ ቤት አይደለም፤ ደብዳቤው የሚከማችበት ሰርቨር የተባለው ዋና ኮምፒዩተር በሌላ ስፍራ ነው። ፕሮግራሙም በኹለት ልዩ ልዩ መንገድ ይላላካል። ደብዳቤ ለማምጣት አይማፕ ወይም ፖፕ በተባለው፥ ለመስደድ ግን ኤስኤምቲፒ በተባለው ነው። ስለዚህ ደብዳቤ እየገባ የሚወጣው ብቻ በአውትቦክስ ቢቀር፥ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በመስደጃው መንገድ ነው እንጂ በኢንተርኔቱ አይደለም።

ከኹሉ አስቀድሞ በመስኮቱ ላይ የወጣውን የስሕተት ቃል ሳይዘጉ መጻፍ ያስፈልጋል። ሰርቨሩ አልተገኘም ቢል የሰርቨሩ ስም ተሳስቶ ተጽፎ ወይም ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ይኾናል። ጊዜው አለፈ ቢል መንገዱ ተዘግቷል ወይም የፖርቱ ቍጥር ተሳስቷል። ስለ ምስክር ወረቀት ቢናገር ቀኑን መመርመር ነው። ከዚህ በኋላ ምርመራው ከቅርቡ ተነሥቶ ወደ ሩቁ ይሄዳል።

1ኛ፤ ስለ መስመር። በብራውዘር ሌላ ድረ ገጽ ተከፍቶ ይታይ። ካልተከፈተ የኔትወርኩ ገመድ፥ ዋይፋዩና ራውተሩ ይመርመሩ። ከተከፈተ ግን ያው የኢሜይል ሣጥን በብራውዘር ይከፈት። በዚያ ደብዳቤው ከታየ ሰርቨሩ ደኅና ነው፤ ጥፋቱም በፕሮግራሙ ወይም በመንገዱ ነው። አስቸኳይ ደብዳቤ ካለ ጥገናው እስኪፈጸም ሳይጠበቅ ወዲያው ከዚያው ይላክ። ሣጥኑ ሞልቶ እንደኾነና ፕሮግራሙ ከመስመር ውጭ እንዲሠራ ተደርጎ እንደኾነም ይታይ።

2ኛ፤ ስለ ቀን። ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያስረዳበት የምስክር ወረቀት የሚጸናበት ዘመን የተወሰነ ነው። የኮምፒዩተሩ ትንሽ ባትሪ ባለቀ ጊዜ፥ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቀኑ ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል። ደግሞም በፈረንጆች አቈጣጠር በሚሠራ ኮምፒዩተር የኢትዮጵያን ዓመተ ምሕረት የሚያገባ ሰው ቀኑን 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። በዚህ ጊዜ ኮምፒዩተሩ የምስክር ወረቀቱ ገና አልጸናም ብሎ መገናኘትን ይከለክላል። መድኃኒቱ ቀኑን በፈረንጆች አቈጣጠር ማቅናትና የሰዓቱን ክልል የአዲስ አበባ ወይም የናይሮቢ ማድረግ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን ችላ ብሎ እሺ ማለት ግን አይገባም።

3ኛ፤ ስለ ፖርት ቍጥር። በተለመደው ሥርዓት በቲኤልኤስ ለተጠበቀ አይማፕ 993፥ ለፖፕ 995 ነው። ለመስደድ 587 ከስታርትቲኤልኤስ ጋራ፥ ወይም 465 ከቲኤልኤስ ጋራ ይኾናል። ቍጥር 25 ሰርቨሮች እርስ በርሳቸው የሚላላኩበት ስለ ኾነ፥ ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ለተራ ኮምፒዩተር ይዘጉታል። ቍጥሩ ትክክል ኾኖ ሳለ ካልተገናኘ፥ ኮምፒዩተሩ ለጥቂት ጊዜ በሞባይል ኢንተርኔት ይሞከር። በዚያ ከሠራ መንገዱን የዘጋው የጽሕፈት ቤቱ ኔትወርክ ነውና ለባለሙያው ይነገር።

4ኛ፤ ስለ ይለፍ ቃል። ትክክለኛው ቃል በብራውዘር ተቀባይነት አግኝቶ ፕሮግራሙ ግን ደጋግሞ ቢጠይቅ፥ ምክንያቱ የፕሮግራሙ ማርጀት ሊኾን ይችላል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2022 ዓመት ጉግልም ማይክሮሶፍትም በተራ ይለፍ ቃል ብቻ የሚገቡ ፕሮግራሞችን መከልከል ጀምረዋል። እንዲህ ሲኾን ፕሮግራሙን ማሳደስና በማረጋገጫው ስፍራ ኦኦት 2 የተባለውን መምረጥ ይገባል። ቃሉን እየደጋገሙ በስሕተት ማስገባት ሣጥኑን ሊያስቈልፍ ይችላልና መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በዚህ ሥራ ከኹሉ የሚከፋው ችኰላ ነው። ብዙ ሰው መገናኘት ሲያቅተው አካውንቱን ከፕሮግራሙ ይሰርዛል። ነገር ግን በፖፕ የመጣ ደብዳቤ በዚያ ኮምፒዩተር ብቻ ተቀምጦ ሊኾን ስለሚችል፥ የብዙ ዓመት መዝገብ በአንድ ጊዜ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሳይገለብጡ መሰረዝ አይገባም። ደግሞም የቀድሞውን አኳኋን በወረቀት ጽፎ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ መሞከር፥ ካልረዳም ወደ ነበረበት መልሶ ወደ ሁለተኛው መሄድ ይሻላል።

ጥገናው ተፈጸመ የሚባለው ፕሮግራሙ ዝም ባለ ጊዜ ሳይኾን፥ አውትቦክሱ ባዶ መኾኑ ታይቶ ደብዳቤው የተላከለት ሰው መድረሱን ባረጋገጠ ጊዜ ነው። የተባይ ወይም የእንስሳት በሽታ ወሬ ከኾነ ግን ኢሜይሉ እስኪጠገን ድረስ በስልክ ማስታወቅ ለነገ የማይባል ሥራ ነው።